ስልክ የምታነሳዋ አብራሪ

ምራቴ አውሮፕላን አብራሪ ናት። ይህን ለሰው ስናገር የሚገጥመኝ መልስ ከሁለት አያልፍም። አንዱ፣ «ምግብ ከሚያድሉት ናት እንዴ?» ይለኛል። ሌላው፣ «እሷ ራሷ? መሪውን ይዛ?» ይላል። «ራሷ፣ መሪውን ይዛ» እላለሁ፤ ከዚያ አልጨምርም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በግንበኝነት ነው። ግንቡን ለሚጠራጠር ሰው ቃል አይደረደርለትም፤ ይደገፈውና ይየው።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አስተማሪው ልጄና እሷ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ከፊት ባለው ቤት፣ እኔና ባለቤቴ ከኋላ ባሉት ክፍሎች። አብራሪ ሲባል ለሰው የሚታየው ጥቁር መነጽር፣ የተተኮሰ ልብስና ጎማ ያለው ሻንጣ ነው። እኔ የማያት ሻንጣውን መተላለፊያው ላይ ገትራ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥላት ነው። አንድ ጊዜ ማንኪያ በእጇ እንደያዘች ሳህኗ ፊት አንቀላፋች። ትንሿ ልጅ ቀና ብላ አየቻትና፣ «አያዬ፣ እማዬ መብራቷ ጠፋ» አለችኝ።

ትከሻዋ ላይ ሦስት ወርቃማ መስመር ነበራት። ሦስት መስመር ረዳት አብራሪ ማለት ነው፤ አራት ሲሆን ካፒቴን። ምራቴ አራተኛዋን ትፈልግ ነበር። ትምህርቱን ጨርሳለች፣ የበረራ ሰዓቱን ሞልታለች። የቀራት አንድ የፈተና በረራ ብቻ ነው፤ ፈታኙ ካፒቴን ከጎኗ ይቀመጣል፣ እሷ በካፒቴኑ ወንበር ላይ ሆና ትመራለች፣ ካለፈች አለፈች። ቀኑ ከተሰጣት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ በዚያ ቀን ፊትና ኋላ እንጂ በሌላ ነገር የሚቆጠር አልነበረም። ቀኑ ካመለጣት ከኋላዋ የተሰለፈው ይገባል፤ እሷ እንደገና ዓመት ትጠብቃለች።

የቀጠራት ድርጅት ትልቅ ነው፤ አለቆቹም ብዙ ናቸው። አብራሪዎቹ ግን ከአለቆቹ ሁሉ ይልቅ የሚፈሩት የምደባ ክፍሉን ነው። ማን ከማን ጋር፣ መቼና ወዴት እንደሚበር የሚወስኑት እዚያ ቢሮ የተቀመጡት መዳቢዎች ናቸው። አንዱ አብራሪ ሲታመም፣ ሌላው በአየር ጠባይ ምክንያት ሩቅ አገር ሲያድር፣ የጎደለውን በሌላ ሰው መሙላት የእነሱ ሥራ ነው። እኔም በሙያዬ ድንጋይ ሲጎድለኝ ከክምሩ አነሳ ነበር። የእነሱ ክምር ግን አልጋው ላይ የተኛ ሰው ነው።

ምራቴን ደግሞ ከክምሩ ላይ ቶሎ ቶሎ ያነሷት ነበር። ከበረራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ይደወላል። ትንሿን ስታጥብ ይደወላል። የዕረፍት ቀኗ ነው ስንል ይደወላል። የምትደውለው ሁልጊዜ አንዲት ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ፈጠን ያለ ድምፅ አላት። ልጄ ያንን ድምፅ ጠልቶት ነበር።

«አታንሺው» ይላታል።

«ምን እንደሆነ ልስማ።»

«ምን ይሆናል? ዘመድ አይደለም የሚደውለው። ባልደረቦችሽ ያነሳሉ?»

«አያነሱም።»

«ታዲያስ!»

«ታዲያማ እነሱ ካላነሱ 'ውጭ ነበር፣ አልሰማም' ይባላል። እኔ ካላነሳሁ 'ሴት አይደለች፣ ልጅ ይዛ ነው' ይባላል። ይሄ ወሬ አንዴ ከተለጠፈ በምን ይነቀላል?»

ሌላም ነገር ነበረበት። በእነሱ ሥራ ስልኩን ያላነሳ ሰው እምቢ አላለም። አንስቶ «ደክሞኛል፣ አልችልም» ያለ ግን እምቢ እንዳለ ይያዝበታል። ስለዚህ ወንዶቹ ስልካቸውን ትራስ ሥር ቀብረው ይተኛሉ፣ ነገር ሳይነካቸውም ይነሳሉ። እሷ ታነሳለች። ካነሳች ደግሞ እሺ ከማለት ሌላ መውጫ የላትም።

እሺታዋ እያደር መረራት። አንድ ቀን ጓሮ ተቀምጣ የትንሿን ልብስ ስታሰጣ፣ «አባዬ፣ ይቺን የምትደውልልኝን ሴት አግኝቼ ዓይኗን ባየው ደስ ይለኛል» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊያት?»

«ምንም። ያን ሁሉ ወንድ ትታ እኔን ለምን እንደምትመርጠኝ ልጠይቃት። ሴት ለሴት አትተኛም የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ፈተናው ይለፍና አቤቱታ አስገባለሁ።»

ፈተናው ግን በቀላሉ ሊያልፍ አልፈለገም።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ከረጅም በረራ ገባች። ሕጉ እስከ ማታ ድረስ እንድታርፍ ያዛል፤ በዚያ ሰዓት ማንም ሊደውልላት አይፈቀድለትም። ዓይኗ ደም መስሎ ነበር። ፊቷን ታጥባ ተኛች። ባለቤቴ በእግሯ ጣት ጫፍ ገብታ ስልኩን ከትራሱ ሥር መንጠቋን ያወቅነው ኋላ ነው። ኩሽና ወስዳ፣ ሽንኩርት ከምትከትፍበት መክተፊያ አጠገብ አስቀመጠችው። ቀትር ላይ ጠራ።

እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር፤ የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ማን ልበል? … ተኝታለች። … አልቀሰቅስም። … አስቸኳይ ለእናንተ ነው፣ ለእሷ አስቸኳይ እንቅልፏ ነው! … አዎ ታማለች። … ታማለች አልኩሽ እኮ! ምንድን ነው የሚያማት ትለኛለች ደግሞ! ሰው እንዲህ ሲደክም አይታመምም?»

ዘጋችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣችና፣ «ገላገልኳት» አለችኝ። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ አደረገች ብዬ ነበር።

ምራቴ ከሰዓት በኋላ ተነስታ ስልኳን ስትፈልግ ኩሽና አገኘችው። መልእክት ነበረበት። አነበበችና ከምድጃው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ታማለች ብለሻቸዋል?»

«ታዲያ ምን ልበል? ልትሞት ነው ልበል?»

«እማዬ፣ በእኛ ሥራ ታማለች የተባለ ሰው የድርጅቱ ሐኪም አይቶ ድነሃል ሳይለው አይበርም። ከነገው ፈተና አውጥተውኛል።»

ባለቤቴ የያዘችውን ሳህን መክተፊያው ላይ አስቀመጠችው። ምራቴ አልጮኸችባትም። ብትጮህባት ይሻል ነበር። ፀጉሯን ሰብስባ አሰረችና የደንብ ልብሷን ለበሰች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ባለቤቴ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«እማዬ፣ እዚያ…»

«እሄዳለሁ ብያለሁ!»

ባለቤቴ ስትቆጣ የምይዛት እኔ ስለሆንኩ እኔም ተከተልኩ። ታክሲ ውስጥ ሦስታችንም ከኋላ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ምራቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትደውላለች፤ ማንም አያነሳም። «አያነሱም» አለች ደጋግማ፣ ፈገግ እንደማለት እያለች። «ሲደወልላቸው እነሱም አያነሱም ማለት ነው።»

የምደባ ክፍሉ አንድም መስኮት የለውም። ግንቡም የግንበኛ አይደለም፤ ስስ ሰሌዳ ገጥመው ቀለም የቀቡት ነው። ትላልቅ ሰሌዳዎች ላይ የአብራሪዎች ስም በቀይ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ተሰልፏል፤ ቀዩ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ነው። ገና በሩን ስናልፍ አንድ ወፍራም ሰው ከወንበሩ ላይ ሳይነሳ፣ «እሺ ባይዋ መጣች!» አለ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ምራቴ ግን በሄደችበት ሁሉ በዚያ ስም እንደምትጠራ ያወቀችው ያኔ ነው፤ አንገቷ ሥር ድረስ ቀላች።

«ዛሬ ቀትር ላይ ቤቴ የደወለችው የትኛዋ ናት?» አለች።

ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አነሳች፤ ልክ ክፍል ውስጥ አስተማሪ እንደጠራት ተማሪ። በልቤ የሠራኋት ሴትዮ ደንዳና ነበረች። ይቺ ግን እንደ ክር የቀጠነች ናት፤ ጆሮዋ ላይ የምትሰካው ማዳመጫ ፀጉሯን አስተኝቶ መንገድ አውጥቶበታል። ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃለች፤ እግሯ አብጧል። ፊቷ የተገመሰ ዳቦ ተቀምጧል፤ ከተገመሰ የቆየ ይመስላል፣ ጠርዙ ደርቋል።

«ዳንሽ?» አለቻት ምራቴን።

«አልታመምኩም! የምትደውይልኝ ለምንድን ነው? የዕረፍት ሰዓቴ ነበር። እዚያ ላይ ስሜ በቀይ ተጽፏል፣ ይኸው እኔ እንኳ ከዚህ ይታየኛል። ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኔ?»

ልጅቷ መልስ ልትሰጥ ስትል ስልኳ ጠራ። ሁለቱም እጆቿ ቁልፎቹ ላይ ስለነበሩ በድምፅ ማጉያው አነሳችው።

«አንቺ ነሽ ደግሞ? ስንቴ ነው የምትደውዪው? ይኸው መልሼ ደወልኩ!» የወንድ ድምፅ ነው፤ ቢሮውን ሞላው። «ነገ ፈተናው የለም ትያለሽ፣ ቆይተሽ ደግሞ ዛሬ ማታ ብረር ትያለሽ። አእምሮ የለሽም? እዚያ ቤት ወንድ የለም? ወንድ አገናኚኝ!»

«እሺ ካፒቴን። ይቅርታ ካፒቴን» አለች ልጅቷ፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ቁልፍ ተጫነችና ወደ ወፍራሙ ሰው በአገጯ አመለከተች።

ወፍራሙ አነሳ። «አለቃ!»

«አንተ ነህ እንዴ ወንድሜ!» አለ ያው ድምፅ ከማጉያው፤ ማር ሆነ። «ምነው ጠፋህ? ማታ ሰው ጎደለባችሁ? ችግር የለም፣ እመጣለሁ። ላንተ ብዬ ነው እንግዲህ።»

«እኛም ለዚያ ነው የምንወድህ።» ተሳሳቁ። ተዘጋ።

ምራቴ ድምፁን አውቃዋለች። ያ ሰው ነገ የሚፈትናት ካፒቴን ነበር። አብራሪዎቹ አባ ትዕግሥት ይሉታል። ያስተማራት እሱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ቤት ስታወራልን፣ «እንደሱ ያለ ጨዋ ሰው የለም» ትለን ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለቻት ልጅቷን፤ ድምፅዋ ወርዷል።

«እሱ? እሱ ጥሩው ነው። እናትሽን የሚል አለ።» ልጅቷ ዳቦዋን ወደ ጎን ገፋች። «ለማታው በረራ ረዳት አብራሪ ጠፋ፤ ካፒቴን የምንለምነውም ለዚያ ነው። ደወልኩ፣ ደወልኩ፤ አያነሱም። አንዱ አነሳና ሰደበኝ። በቀይ መሆንሽን አይቻለሁ። አንቺ ግን ታነሻለሽ።»

«እኔ እኮ የምትመርጪኝ ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ…»

«ሴት ስለሆንሽ ነው» አለች ልጅቷ። «አትሰድቢኝማ። 'እሺ፣ አንቺስ ደህና ነሽ?' ትይኛለሽ። ከዚህ ቤት ሰው ደህና ነሽ ወይ የሚለኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሲጨንቀኝ ጣቴ ራሱ ያንቺን ቁጥር ይደውላል።»

ምራቴ ከአጠገባችን የነበረውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ባለቤቴ፣ ልትጣላ የመጣችው ሴትዮ፣ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄን ዳቦ ብይው እንጂ፣ ደረቀ እኮ» አለቻት።

ከዚያ ወደ ኃላፊው ገባን። መስታወት በመስታወት የሆነ ክፍል ነው። ሰውየው ትሑት ነው፤ ለእኔ ወንበር ራሱ አነሳልኝ። የምራቴን ነገር አዳመጠና፣ «በስምሽ ሕመም ተመዝግቧል። ያለ ሐኪም ልሰርዘው አልችልም። ሐኪሙ ደግሞ የሚገባው ከነገ ወዲያ ነው» አላት።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ!» አለች ባለቤቴ። «ልጄ፣ እኔን እሰረኝ።»

«እማማ፣ እርስዎ እኮ የድርጅታችን ሠራተኛ አይደሉም። እርስዎን በምን ልቀጣዎት?» ፈገግ አለ። ወደ ምራቴ ዞሮ፣ «በዚያ ላይ መዳቢዋም ሴት፣ አንቺም ሴት፣ ስልኩን ያነሱትም ሴት። እዚያው ተነጋግራችሁ ብትጨርሱት ጥሩ ነበር፤ ወደኔ የሚመጣ ነገር አልነበረም» አላት።

ክፉ ሳይናገር የሚያዋርድ ሰው አለ፤ ለእሱ መልስ ማግኘት ከባድ ነው።

ምራቴ በእጇ መልስ ነበራት። የተደወለው በዕረፍት ሰዓቷ ነው ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ሊደወል የማይገባ ስልክ ላይ የተነገረ ሁሉ ከንቱ ነው። ግን ያን ካለች ልጅቷ ትቀጣለች፤ የዕረፍት ሰዓት መጣስ እዚያ ቤት ትልቅ ጥፋት ነው። ምራቴ ጉልበቷ ላይ ያለውን ኮፍያዋን እያዞረች ታየዋለች። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመቻት። እሷ ኮፍያዋን ማዞሯን ቀጠለች። አራተኛዋ መስመር እዚያ መሬቱ ላይ፣ በመካከላችን ወድቃ የማያት መሰለኝ፤ የሚያነሳት ጠፋ።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ናት፤ ጫማዋን ተረከዙን ረግጣ አድርጋዋለች።

«የደወልኩት በዕረፍቷ ሰዓት ነው» አለች። «ስልኩን ያነሱት እማማ ናቸው። እሷ አልታመመችም፤ ድምፅዋንም አልሰማሁም።»

«የምትዪው ነገር ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ?» አላት ኃላፊው።

«አውቃለሁ።»

«ይመዘገባል።»

«ይመዝገብ። ስልኬ እየጠራ ነው፣ ልሂድ?»

ሄደች። ኃላፊው የምራቴን ስም ወደ ቦታው መለሰ፤ ካፒቴኑንም ከማታው በረራ አውጥቶ ወደ ነገው ፈተና መለሰውና ለማታው ሌላ ሰው ይፈለግ አለ። ስንወጣ በልጅቷ ጠረጴዛ በኩል አለፍን። ጆሮዋ ላይ ስልክ ሰክታ፣ «እሺ ካፒቴን፣ ይቅርታ ካፒቴን» ትላለች። ምራቴ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ልጅቷ እጇን አወዛወዘች፤ ሂጂ፣ ተኚ፣ እንደማለት።

በማግስቱ ስትመለስ ግቢው በር ላይ ጠበቅናት። ልጄ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዶ ቀርቷል።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ» አለች። ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ፊቷን አየችና ዘጋችው።

በኋላ የነገረችኝ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ አባ ትዕግሥት እጇን ጨበጣትና፣ «ካፒቴን ልበልሽ እንግዲህ። ሴት ናት ብዬ እንዳልራራሁልሽ ግን እወቂ፤ እኔ ዘንድ ወንድ ሴት የለም» አላት። ለካ እሷ ሌሊቱን ያሰበችው እሱን ነው፤ ለእንቅልፍ የተሰጣት ሰዓት ላይ የእሱ ድምፅ ሲጮህ ይሰማት ነበር። «ስልክ ላይም የለም?» አለችው። «ትናንት ምደባ ክፍል ነበርኩ።»

«ምን አለሽ ታዲያ?» አልኳት።

«'ድምፄ ለሰው ሁሉ ይሰማ ነበር እንዴ?' አለኝ። በቃ። ያስጨነቀው እሱ ነው፣ አባዬ።»

ልጅቷ ተቀጣች። ከምደባ ክፍል አንስተው ወደ አልባሳት መጋዘን ሰደዷት። በእሷ ወንበር ወፍራሙ ሰው ተቀመጠ። የሚገርመው፣ እሱ ሲደውል ወንዶቹ ቶሎ ቶሎ ያነሳሉ አሉ። «አለቃ» ይላቸዋል፣ «ወንድሜ» ይሉታል፣ የጎደለው ይሞላል። ኃላፊውም በስብሰባ ላይ አመሰገነው፤ እጁ ተባርኳል ብሎ።

በእኛ ቤት ስልኩ ፀጥ አለ። መጀመሪያ እፎይ አልን። ምራቴ ተኛች፣ አገገመች፣ ትንሿን ትምህርት ቤት አደረሰች። ከዚያ እያደር አንድ ነገር ታያት። የምትመደበው እዚያው በዚያው፣ አጭር አጭር መንገድ ላይ ብቻ ነው። ባሕር የሚያቋርጡት ረጃጅም በረራዎች፣ አንድ ካፒቴን ሙያውን የሚለምድባቸው፣ ወደ ሌሎች ይሄዳሉ። ወፍራሙን ብትጠይቀው ከልቡ ደነገጠ።

«ልጅ አለሽ ብዬ እኮ ነው! ለእኔ ብትሆኚ እህቴ ነሽ። ማታ ማታ ቤትሽ እንድትገቢ ብዬ።»

«ጠይቀኸኛል?»

«ይሄ ምን ይጠየቃል?»

ቤት መጥታ ይህን ስትነግረን ትስቅ ነበር፤ ሳቋ ግን ጉልበት አልነበረውም። «ያቺ ብትሆን ትጠራኝ ነበር» አለች። «ድሮ ሲጠሩኝ ይደክመኝ ነበር። አሁን አለመጠራት አደከመኝ።»

የካፒቴን ኮት ለመውሰድ መጋዘን ስትሄድ ልጅቷን አገኘቻት። መደርደሪያዎቹ መካከል፣ ናፍታሊን እየሸተታት፣ ቁልፍ ትቆጥራለች። ለሴት ልክ የተሰፋ የካፒቴን ኮት አልነበረም። ከወንዶቹ ትንሹን አውጥታ አለበሰቻት፤ ትከሻው ወደ ጎን ወጣ፣ እጅጌው ጣቷን ዋጠ።

«ሁለት ሰው ያስገባል» አለች ልጅቷ። «ነይ፣ እኔም ልግባ።»

ሳቁ። ከዚያ ምራቴ፣ «በኔ ምክንያት ነው እዚህ የገባሽው» አለቻት።

«እዚህ ማንም አይጮህብኝም። ኮት አይሳደብም።»

«ለኃላፊው ልንገረው? እንዲመልሱሽ ልጠይቅ?»

ልጅቷ የእጅጌውን ጫፍ በመርፌ አሰባሰበች። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው። እኔ መተኛት ጀምሬያለሁ። የራስሽን ግን ጠይቂ። ዝም ካልሽ ያው እሺ አልሽ ማለት ነው።»

ምራቴ በዚያው፣ መርፌ እንደተሰካባት፣ ወደ ኃላፊው ወጣች። ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። እጠብቀዋለሁ ብላ ቢሮው ውስጥ ካለው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ከሦስት አጫጭር በረራ የገባች ሰው ናት፤ ወንበሩም ለስላሳ ነው። ኃላፊው ሲገባ በሰፊው ኮት ውስጥ ተጠቅልላ ተኝታ አገኛት። ጉሮሮውን ጠረገ። ነቃች፣ ተነሳች፣ ያሰበችውንም ሁሉ ዐይኗን ሳታሽ ተናገረች፦ እንደ ማንኛውም ካፒቴን በተራዋ እንድትመደብ፤ የሚያዝንላት ካለ አስቀድሞ እንዲጠይቃት፤ መዳቢን የሚሰድብ አብራሪ ደግሞ፣ ስልክ አንስቶ እምቢ እንዳለው ሁሉ እንዲመዘገብበት።

«በመጀመሪያው ተስማማ» አለችን ማታ፣ ጫማዋን እየፈታች። «ሁለተኛውን 'ማዘን የሰው ባህሪ ነው፣ ምን እናድርገው' አለኝ። ሦስተኛውን አስብበታለሁ አለ።»

«ያስባል?» አለ ልጄ።

«እኔ እንጃ። ስወጣ 'እሺ ባይዋ እምቢ ማለት ጀመረች' እያለ ለጸሐፊው ሲነግራት ሰማሁት።»

በሚቀጥለው ሳምንት ረጅሙ በረራ ደረሳት። ጠዋት ሻንጣዋን ልጄ እስከ መኪናው ተሸከመላት። ትንሿ እጇን ይዛ አልለቅም አለች፤ ባለቤቴ አባብላ ወሰደቻት። ኮቱ ተጠቦ ልኳ ሆኗል፣ አራቱም መስመር ትከሻዋ ላይ ነው። ከዓይኗ ሥር ግን ያው ጥላ አለ።

«አባዬ፣ ደክሞኛል» አለችኝ፣ ጉንጬን ስማ።

«ታዲያ ቅሪ እንጂ የኔ ልጅ። ሌላ ሰው አይጠፋም።»

የመኪናውን በር ከፍታ ቆመች። ልትስቅ ፈልጋ ነበር መሰለኝ፣ አልሆነላትም።

«ተራዬ ነዋ» አለችና ገባች።